ካናዳን ተኝቶ ያቋረጠው ሰው

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፉ እውነት ነው። ከዋሸሁ የካልጋሪ ጥር ያለ ጓንት ያግኘኝ።

ዘመኑ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ የነካበት፣ አካፋ የጨበጠ ሁሉ «ኢንቨስተር» የተባለበት ነው። ንዋይም ለሰሜን የነዳጅ ካምፖች ፒክአፕ እያከራየ ደለበና፣ የአባቱ እኩያ የሆነች ቀይ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ገዝቶ፣ በዚያ ብርድ ከሃሊፋክስ እስከ ቫንኩቨር ካልነዳሁ አለ። እሱ ይበል እንጂ የነዳው መካኒኩ ሰላሃዲን ነው። ንዋይ መኪና ውስጥ ከተቀመጠ አፍታም ሳይቆይ የሚያንኮራፋ ፍጡር ስለነበር፣ ኦንታሪዮን ሙሉ፣ ማኒቶባን ሙሉ በእንቅልፍ አቋረጠ። ተራሮቹን ከመሻገራቸው በፊት ካልጋሪ ቤታቸው አረፍ አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ንዋይ ዋይትሆርን ሰፈር፣ ገዛ ቤቱ ደጃፍ፣ የመኪናዋ መሪ ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ።

እትዬ አፀደ ተጠሩ። አዲስ አበባ በወንጀል ምርመራ ያገለገሉ፣ እዚህ ደግሞ አስከሬን ምርመራ ቢሮ የሚሠሩ፣ ሰውን ሁሉ እንደ ነቀዘ ሽንብራ የሚያዩ ሴትዮ ናቸው። የሟቹ ፊት እንደ ሰከረ ሙሽራ ቀልቷል፤ የመኪና ጭስ ነው የገደለው። ወለሉ ሥር የጭስ ቧንቧው ማያያዣ ላልቷል። ፖሊሱ ነገሩን ጨርሶት ነበር፦ ጭሱ መንገድ ላይ ገባ፣ ንዋይ እንደምንም ቤቱ ደርሶ ሞተሩን አጠፋና ሞተ። ቧንቧውን የጠገነው ሰላሃዲን ስለሆነ፣ እስር ቤት የሚጠብቀውም ሰላሃዲን ነው።

እትዬ አፀደ ግን ከመኪናዋ አፍንጫ ወጥቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰካውን ብርቱካንማ ገመድ እያዩ ቀሩ። ሞተር በብርድ እንዳይደርቅ የሚያሞቁበት ገመድ ነው።

«ማሞቂያውን ማን ገጠመው?» አሉ ወደ ሰላሃዲን ዞረው።

«እኔ፣ እትዬ፣ ዊኒፔግ ላይ። ያኔ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆን ነበር።»

«ቅዳሜስ?»

ቅዳሜማ ሺኑክ የሚሉት ሞቃት የተራራ ነፋስ ነፍሶ፣ በረዶው በየቦዩ ይወርድ ነበር። በመንገዱ ካሉት መኪኖች ገመድ የተሰካበት አንድም አልነበረም።

የሟቹ ሚስት ተናኘ ቀኑን ሙሉ ቸርች የመዝሙር ልምምድ ላይ እንደዋለች ተናገረች። ገመዱን ንዋይ ሰክቶት እንደሆነ ቢጠይቋት፣ በሐዘን ልብሷ ሳቅ አመለጣት።

«ንዋይ? የጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነበርኩ። ለገመድ ጎንበስ ሊል?»

«አንቺስ?»

«እኔ በባቡር ነው የምሄደው እትዬ። የት እንደሚገባም አላውቀው።»

ሰላሃዲን ዶቨር ሰፈር፣ ደጁ ላይ ጃኬቱን አውልቆ የሰው መኪና ሲጠግን ውሏል፤ ምስክሩ ሚስቱ ሀጅራ ብቻ ናት። የንዋይ ሸሪክ ማትያስ ደግሞ ሰሜን፣ ፎርት ማክመሪ የነዳጅ ካምፕ እንደነበረና ፍላይቱ የገባው እሑድ ጠዋት እንደሆነ እየነፋረቀ አስረዳ። መሐረቡ ግን ደረቅ ነበር። መኪናዋን ፈልጎ ያገኛት፣ መንገዱንም ካርታ ላይ ያሰመረው እሱ እንደሆነ እትዬ አፀደ ከተናኘ ሰምተዋል። ንዋይ «አንተ ሽፍትህን ጠብቅ፣ ፎቶ እልክልሃለሁ» ብሎት ነው የሄደው።

ሰኞ፣ ቀይዋ መኪና በፖሊስ ተወስዳ ገመዱ ደጁ ላይ ቀርቶ ሳለ፣ ነፋሱም ገና ሳይበርድ፣ እትዬ አፀደ ሁሉንም ከነፖሊሱ ዋይትሆርን ሳሎን ሰበሰቡ።

«ማትያስ፣ መኪናዬን መንገዱ ጫፍ ትቻታለሁ። ቲኬት ሳይለጥፉብኝ ደጁ ላይ ፓርክ አድርግልኝ» ብለው ቁልፉን ወረወሩለት።

እሱ ሲወጣ ወደሌሎቹ ዞሩ።

«በጭስ የሚሞት ሰው ቤቱ ደርሶ፣ ወርዶ፣ ንጹሕ አየር ስቦ፣ ገመድ ሰክቶ፣ ተመልሶ ገብቶ ይሞታል? አህያም አታደርገው። ስለዚህ መኪናዋን ያቆማት ሌላ ሰው ነው፤ ሬሳ ጭኖ መጥቶ መሪው ላይ ደፋው። በዚያ ሙቀት ገመዱን ለምን ሰካ? አስቦ አይደለም፤ እጁ ነው የሰካው። ካምፕ ውስጥ መኪናውን ሳይሰካ ያቆመ ይባረራል። እዚያ መጀመሪያ ይሰካሉ፣ ከዚያ ያስባሉ።»

ቀጠሉ። የተነጠቀው መኪናና ጉዞ አንገብግቦት፣ ማትያስ ከእሑዱ ፍላይት ቀድሞ በድብቅ ካልጋሪ ገብቷል። አንዴ ልንዳት ብሎ ለመነ፤ ያ እንቅልፋም አጠገቡ አንኮራፋ። ራንድል ሰፈር ባለው የድርጅታቸው ገራዥ ውስጥ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩን ዘግቶበት ወጣ። ሥራው ሲያልቅ ጭሱን አስወጥቶ፣ ጥፋቱ በሰላሃዲን እንዲላከክ ማያያዣውን አላልቶ፣ ሬሳውን ቤቱ አደረሰ።

ተናኘ ስታስተረጉምለት ፖሊሱ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ይህ ግምት ነው፣ በግምት ሰው አይታሰርም አለ። እትዬ አፀደ በአገጫቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱት።

ማትያስ መኪናቸውን ደጁ ላይ አቁሞ ወረደ። ሞቃቱ ነፋስ ሸሚዙን እያራገበው ጎንበስ አለ፣ ብርቱካንማውን ገመድ ከቀለጠው በረዶ ውስጥ አነሣ፣ የእትዬ አፀደ መኪና አፍንጫ ላይ ሰካው። ቀና ሲል መስኮቱ በሰው ፊት ተሞልቷል። የገዛ እጁን አየው።

ሰላሃዲን ቀስ ብሎ ወጣና ገመዱን ነቀለው።

«ሙቀት እኮ ነው፣ ማትያስ» አለው።

ሁሉም እውነት ነው ብያለሁ፤ አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። መኪናዋ ቀይ አልነበረችም። የዛገ ቆርቆሮ የመሰለች ቡኒ ነበረች። ግን ሰው ለእንዲህ ያለች ገደለ ብላችሁ፣ ማን ያምነኝ ነበር?