የሲርዋ ወንዝ የመሐላ ድንጋይ

የመሐላው ድንጋይ ከድርድሩ ድንኳን በጠፋበት ቀን የሲርዋ ወንዝ ከማለዳ እስከ ቀትር ወደ ኋላ ፈሰሰ። በግራው ዳርቻ ያሉት የኤልጋም ሰዎችም፣ በቀኙ ያሉት የደምራ ሰዎችም ከየቤታቸው ወጥተው አዩ። የሁለቱም አገር ሽማግሌዎች ምልክቱን በአንድ ቃል ፈቱት፦ «ድንጋዩ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልተመለሰ ዕርቁ ይፈርሳል፤ ሲርዋም ደም ይዞ ይወርዳል።»

ሁለቱ መንግሥታት በዚህ ድንበር ሰባት ዓመት ተዋግተው አራት ዓመት ተደራድረዋል። ድንጋዩ ላይ እጁን ጭኖ በሐሰት የማለ ሰው እጁ እንደ ከሰል ይጠቁራልና፣ ያለ እርሱ የሚደረግ ውል በሁለቱም ሕግ ዋጋ አልነበረውም። አሁን ኤልጋም ደምራን ሌባ አለች፤ ደምራም ኤልጋምን። ድርድሩ ቆመ፤ ምርኮኞችም በየግዞታቸው ቀሩ።

ናርዳ የተደራዳሪዎቹን ታንኳ የምትቀዝፍ የሃያ ሁለት ዓመት የኤልጋም ልጅ ነበረች። ወንድሟ በደምራ ምርኮኛ ነው። በአምስተኛው ቀን በንጉሥ ዳራሚስ ፊት ቀርባ ድንጋዩን ፍለጋ እንድትሄድ ፈቃድ ጠየቀች።

የኤልጋም ዋና ተደራዳሪ አፈ ንጉሥ ሐርሞን ንጉሡን ቀድሞ መለሰላት፦ «ጉዳዩን መንግሥት ይዞታል። አንቺ ወደ መቅዘፊያሽ ተመለሺ።»

«ጌታዬ፣ መንግሥት ከያዘው አራት ዓመት ሆነው» አለች ናርዳ። «በእነዚህ አራት ዓመታት እርስዎን ሳመላልስ፣ ከድንኳኑ አዝነው ሲወጡ አንድ ቀን አላየሁም።»

 ንጉሡ ሐርሞንን በእጁ ገታው። «ድንጋዩን ካመጣሽ በእርሱ ላይ እጄን ጭኜ ለሰላም እምላለሁ» አለ። «የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ።»

የደምራ ንጉሥም በበኩሉ አንድ ሰው ላከ፤ ስሙ ደጎል ነው። ግራ እጁ በጦርነት የሰለለ፣ አንድ ልጁን በዚያው ወንዝ ዳር የቀበረ የስልሳ ዓመት ጦረኛ። ሁለቱ መንገድ ሲጀምሩ ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጡም። ያን ድንጋይ ከሰው ዓይን ሰውሮ ማኖር የሚችል አንድ ፍጥረት ብቻ ነበረ፤ እርሱም በቀላፍ ተራራ ዋሻ የሚኖረው ባለ ሦስት ዓይኑ ዘንዶ ጉምራ ነው። ወደዚያው አቀኑ።

መንገድ በጀመሩ በስድስተኛው ቀን በአመድ ሜዳ ላይ የጥላ ጅቦች ከበቧቸው። ደጎል የወረወረው ጦር ጭስን እንደሚያልፍ አልፏቸው ሄደ፤ ጥርሳቸው ግን ሥጋ ይቆርጥ ነበር። ናርዳ አውሬዎቹ የሚረግጡት የሰውን ጥላ ብቻ መሆኑን አየች። «አባቴ፣ መሬት ላይ ይተኙ!» ብላ ጎትታ ጣለችው። በቀትር ፀሐይ ጎን ለጎን በደረታቸው ተዘረጉ፤ ጥላቸው ከሥራቸው ገባ፤ ጅቦቹም መቆሚያ አጥተው በነኑ።

ደጎል ፊቱን ከአመዱ ሳያነሳ፣ «ልጄን የገደለው የኤልጋም ፍላጻ ነው» አለ።

«የእኔን ወንድም ያሰሩት የእናንተ ሰዎች ናቸው» አለችው።

«አውቃለሁ። ስሙ ማነው?»

ስሙን ነገረችው፤ እርሱም የልጁን ስም ነገራት። ከዚያ በኋላ ስንቃቸውን አንድ ላይ በሉ።

ጉምራን በዋሻው መካከል ድንጋዩን ከቦ ተኝቶ አገኙት። ቅርፊቱ ሲንቀሳቀስ እንደ ብረት ይጮሃል።

«እኔ አልሰረቅሁም» አለ ዘንዶው። «ሁለት ሰዎች አብረው አመጡልኝ። አንዱ የኤልጋምን ቀለበት፣ ሌላው የደምራን ቀለበት አድርጎ ነበር። ‹ዕርቅ ከወረደ ንጉሦቻችን እኛን ለምን ይፈልጉናል?› እያሉ ሲሳሳቁ ሰማሁ።»

ናርዳ ቀለበቶቹን ከታንኳዋ ታውቃቸዋለች፤ የሚያጠልቋቸው ዋና ተደራዳሪዎች ብቻ ነበሩ። የሁለቱ አገር ዋና ተደራዳሪዎች፣ በድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደቡ የሚሰዳደቡት፣ በዚህ ዋሻ አንድ ነበሩ።

«ውሰዱት» አለ ጉምራ። «ግን ስፍራው ባዶ አይቀርም። በፈቃዱ ተቀምጦበት ዓለት የሚሆን ሰው ካለ ብቻ።»

ናርዳ ወደ ፊት ስትራመድ ደጎል በደህና እጁ ያዛት።

«አይሆንም፤ የመጣሁት እኔ ፈቅጄ ነው» አለችው። «እርስዎን ግን ንጉሥዎ ልከውዎት ነው።»

«አሁን ግን ፈቅጃለሁ። ልጄ፣ ድንጋዩን ይዤ በአንድ እጄ ታንኳ መቅዘፍ አልችልም። ወንድምሽ በሕይወት አለ፤ የእኔ ልጅ ግን የለም። አሁን ክርክሩን ተይውና ድንጋዩን አንሺ።»

ተቀመጠ። ግራጫው ዓለት ከእግሩ ጀምሮ ወደ ጉልበቱ ወጣ። እየተንቀጠቀጠ አንገቱን ቀና አደረገ። ናርዳ እስከ መጨረሻው አጠገቡ ቆማ እጁን ይዛ ነበር፤ እጁ ሲበርድ ድንጋዩን በጀርባዋ አዝላ ወጣች።

በሠላሳኛው ቀን ሲርዋ ስትደርስ ሁለቱ ሠራዊት በሁለቱ ዳርቻ ተሰልፈዋል። ታንኳዋን ወደ ወንዙ መካከል ቀዝፋ ቆመች። ሐርሞን ከዳርቻው ጮኸ፦ «ድንጋዩ የመንግሥት ነው። ወደዚህ አምጪው፤ ድርድሩ በሥርዓቱ ይቀጥላል።»

«አላመጣም» አለች ናርዳ። ድምፅዋ በውኃው ላይ ወደ ሁለቱም ወገን ደረሰ። «ይህን ድንጋይ የደበቁት ሁለቱ ዋና ተደራዳሪዎች ናቸው። ደፋር ከሆኑ ይምጡና እጃቸውን ጭነው ይካዱ። የደምራው ደጎል ይህ ድንጋይ እንዲመለስ ዓለት ሆኖ ቀርቷል። እናንተ ድርድር ስትሉ እኛ ሰው ቀበርን። ከእንግዲህ በዚህ ወንዝ ላይ የሚሻገር ካለ ሁለቱ ነገሥታት ናቸው፤ እነርሱም ለመማል ብቻ።»

ሐርሞን ቀስተኞቹን «ወርውሩ» አለ። አንድም ቀስት አልተሳበም። በማዶ የደጎል የቀድሞ ጓዶች ስሙን ሲሰሙ ጦራቸውን አንድ በአንድ መሬት ላይ አኖሩ።

ንጉሥ ዳራሚስ ወደ ሐርሞን ዞረ። «ወደ ታንኳዋ ሂድና እጅህን ጫንበት።»

ሐርሞን እጁን በካባው ውስጥ ሸሸገ፤ በማዶ ያለው የደምራ ዋና ተደራዳሪም እንዲሁ። ከዚያ በላይ ምስክር አላስፈለገም። የሁለቱም ቀለበት በየዳርቻቸው ላይ ተገፈፈ። ሁለቱ ነገሥታት በየታንኳቸው ወደ ወንዙ መካከል መጥተው ታንኳዋን በሁለት ወገን ያዙ፤ እጃቸውንም በድንጋዩ ላይ ጭነው ማሉ። እጃቸው አልጠቆረም።

ከመሐላው በኋላ በሦስተኛው ቀን ሁለቱ አገሮች ምርኮኞቻቸውን ተለዋወጡ። ናርዳ ወንድሟን አቅፋ አለቀሰች፤ ንጉሡ የሰጣትን ሹመት ግን አልተቀበለችም። ብቻዋን ወደ ደምራ ተሻግራ የደጎልን ቤት ጠይቃ ሄደች። ሚስቱ ኢልማ በር ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ፈርቶ ነበር?» አለች ኢልማ።

«ፈርተው ነበር» አለች ናርዳ። «ግን አልተነሱም።»

 ኢልማ ከደጃፉ ዘወር አለችና በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለአንድም የኤልጋም ሰው ያልተከፈተውን በር በሰፊው ከፈተችላት።