መጋዙና ፊት የሌለው ፊልም

ሟቹ በሲኒማ ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ወለል ላይ፣ በገዛ ሻርፑ ታንቆ ተዘርሯል። ቧንቧው አልተዘጋም። ፊልም ሐያሲ ነበር፤ ብዕሩ ስለማይምር «መጋዙ» ይሉታል። መርማሪዋ አንገቱን አይታ ቀና ስትል የፊልሙ ዳይሬክተር በሩ ላይ ቆሟል።

«ይቅርታ፣ ከመሞቱ በፊት ስለ ፊልሙ ያለው ነገር ይኖር ይሆን?»

ሬሳው ገና አልቀዘቀዘም።

ፊልሙ የውሃ መሳቢያ ሞተር የፈለሰፈ ሰው ታሪክ ነው። ዳይሬክተሩ ግን የሰውየውን ፊት አንዴም አያሳይም፤ ጭራሽ መሃል ላይ ስክሪኑ ድርግም ይልና ለረጅም ጊዜ የሞተር ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዛሬ ያየው ሦስት ሰው ነው፦ መጋዙ፣ የፈልሳፊው ሴት ልጅ፣ እና ያላሞገሰው ፊልም ስለሌለ «ጭብጨባ» የሚባለው ወጣት ሐያሲ።

«መጋዙ ጨለማው ሲጀምር "ኤጭ!" ብሎ ወጣ» አለ ዳይሬክተሩ። «በሩ አጠገብ ነበርኩ። ስክሪኑ ከበራ በኋላ ማንም አልወጣም፣ ማንም አልገባም።»

«በጨለማውስ?»

«በጨለማውማ በሩን ትቼ ወደ ፊት ሄጄ ነበር። ለምን እንደሆነ እሷን ይጠይቋት።»

ጭብጨባ ስልኩ ላይ የሐዘን መግለጫ እየጻፈ አገኘችው።

«ከፊተኛው ወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም» አላት። «ያ ጨለማ! ያ ፀጥታ! ሞተሩ ብቻውን ሲተነፍስ እንባዬ መጣ። መጋዙ እኮ ለእኔ አባት ማለት ነበር።» ይህን እያለ አንድ ቃል አጥፍቶ የተሻለ ጻፈ።

አዳራሹ ውስጥ የስክሪኑ ነጭ ጨርቅ ላይ የጫማ ሶል ጭቃ ታትሟል። የፈልሳፊው ልጅ አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ የወረወርኩት፣ እህቴ» አለች። «አባቴ ከነግራሶው ነበር የሚያቅፈን። ይሄ ሰውዬ ግን ጨለማ አደረገው! ሊያስቀምጠኝ ሲመጣም እስኪበራ ተሰዳደብን።»

መርማሪዋ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ከበራ በኋላ በበሩ ያለፈ ከሌለ፣ ገዳዩ ወጥቶ የተመለሰው በጨለማው ነው። እሷ ያን ጊዜ ጫማ ወርውራ ትጮኻለች፤ ዳይሬክተሩ ሊያስቀምጣት ይታገላል። እስኪበራ ሲሰዳደቡ እንደነበር ሁለቱም ለየብቻ ነግረውኛል። እነዚህ ደግሞ አንዱ ለሌላው ብሎ አይዋሽም።» ወደ ጭብጨባ ዞረች። «አንተን ግን ፀጥታው አስለቀሰህ።»

«ተመስጬ ስለነበር...»

«ጫማው ባናትህ ላይ አልፎ? ፀጥታውን ከየት አመጣኸው?»

ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። «ከግብዣው ጋር ከተላከልን ማብራሪያ። ሂሱን ትናንት ጽፌ ልኬው ነበር።»

«ሳታየው?»

«ሁሌም እንደዚያ ነው የምሠራው። መጋዙ ደረሰብኝ። ነገ ለዋና አዘጋጁ ነግሬ ብዕርህን አስጥልሃለሁ አለኝ። ልለምነው ነበር ተከትዬ የወጣሁት። እጁን እየታጠበ ሳቀብኝ።»

ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሂሱ... ተልኳል አይደል? ነገ ይወጣል?»

መርማሪዋ ምራቋን የምትተፋበት አጣች። የፈልሳፊው ልጅ ቀደመቻት።

«ይውጣ እንጂ! ፖስተሩ ላይም ለጥፈው፤ ገዳይ ያደነቀው ብለህ።»

ዳይሬክተሩ አልተቆጣም። ሐሳቡን እያመዛዘነው ነበር።