የልሳኑ ፋኖስና ፉርጎ ገፊዋ

ኪ ኪ ኪ... ቆይ፣ ቆይ፣ ሆዴን ልያዝ። ገና ሳልጀምር አታስቁኝ እንጂ። ዋናው እኮ ኋላ ነው የሚመጣው፤ ያን ጊዜ ማን እንደሚስቅ እናያለን። መብራቱም እንደሄደ ይቅር፤ ለዚህ ወሬ ጨለማ ነው የሚሆነው። ጠጋ ጠጋ በሉ።

ድሮ ነው። ቆላ ውስጥ ባቡር የሚያልፍባት አንዲት ከተማ ነበረች። ሰዓቱ ሰው ሁሉ ደጁን የዘጋበት ነው። ጨረቃ የለችም። ሃዲዱን ይዞ አንድ ሰውዬ ብቻውን ይሄዳል፤ በእጁ ፋኖስ። ማነው በሉኝ? ልሳኑ ነዋ፣ የአስካለ ባል።

ወዴት ነው የሚሄደው? ውሽማው ጋ አትሉም? አስካለም የምትለው እንደዚያ ነበር። ውሽማዪቱ ግን ሰው አይደለችም፤ ባቡር ናት። አገር የምታቋርጠዋ ትልቋ እንዳትመስላችሁ። ባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ብቻ ወዲያ ወዲህ እያለች ፉርጎ የምትገፋዋ፣ የናፍጣዋ፣ አጭሯ። አፍንጫዋ ድፍጥጥ ያለ፣ መንኮራኩሮቿ በብረት ክንድ የተያያዙ። ስትሄድ ሊጥ የምታቦካ ሴት ነው የምትመስለው። አስቀያሚ ናት። እሱ ግን ሲያያት አፉን ከፍቶ ይቀራል። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ፍቅር ነው።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። ኡስማኤል የሚባል ሾፌር ይነዳታል፤ ልሳኑ ከፊት ከፊት በፋኖስ ይመራል። ፋኖሱን ካወዛወዘ «ተከተለኝ» ማለት ነው። ቀጥ አድርጎ ከያዘው «ቁም»። ኡስማኤል የልሳኑን ፋኖስ ሳያይ ስንዝር አይነቃነቅም ነበር። ኋላ ኡስማኤል ሞተ። ልሳኑም ጡረታ ወጣ። እሷም ሞተሯ ወልቆ ግቢው ጥግ ተጣለች። ልሳኑ ግን ማታ ማታ እየሄደ ዝገቷን ይጠርግላታል።

በነጋታው ታዲያ ቆራጮች መጥተው ሊቆራርጧት ነው። አስካለ፣ «ሂድና ተሰናበታት። ከዛሬ ወዲያ ወይ እሷ ወይ እኔ» ብላዋለች።

ሄደ። ዳበሳት።

«እንግዲህ ደህና ሁኚ» አላት። «ምን ላድርግሽ፣ አቅም የለኝ።»

ዓይኑን ጠራርጎ ፊቱን ወደ ቤቱ አዞረ።

ትንሽ እንደሄደ ከኋላው ሲጢጥ አለ። ቆመ። ዝም። ሄደ። ሲጢጥ። ቆመ። ዝም። «አይጥ ናት» አለ። አይጥ ሃዲድ ታንጫጫለች? እናንተው ንገሩኝ። ቀጥሎ የናፍጣ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ማጅራቱ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ። ከዚያማ ምን ይጠብቃል፣ እግሬ አውጪኝ አለ። ሲሮጥ እሷም ቸክ ቸክ ቸክ። ሲብስበት እሷም ባሰባት።

«ኧረ አትከተይኝ፣ በፈጠረሽ» እያለ ይለምናታል።

አያችሁት ሞኙን? ፋኖሱን እኮ አልጣለም። እጁ ላይ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘ ነው። በአፉ «ቅሪ» ይላታል፣ በእጁ «ነይ» ይላታል። እሷ ደግሞ የምታውቀው እጁን ነው።

ቤቱ እንደ ባቡር ሠራተኞች ቤት ሁሉ ሃዲዱ ዳር ነበር። ደጁ ሲደርስ ትንፋሹ አለቀ። ያኔ ነው ፋኖሱ ትዝ ያለው። ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ አድርጎ ያዘው።

ጭጭ። አፍንጫዋ ጀርባውን ነካ አድርጎ ቆመ።

አስካለ በሩን ከፈተች። እሱ ዞር ማለት አቅቶት፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ይለፈልፋል፦

«አስካልዬ፣ በልጆቼ፣ ይዣት አልመጣሁም። ተሰናብቻታለሁ። ራሷ ናት የተከተለችኝ። ነገ ሊቆርጧት እኮ ነው...»

አስካለ ባቡሯን ከታች እስከ ላይ አየቻት። ከዚያ ቀና ብላ የጋቢናውን መስኮት አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘችና ቀስ ብላ፣

«እሷስ ግዴለም፣ ትደር» አለችው። «ኡስማኤልን ግን ቀብረነው አልነበር?»