እሜቴን ማን ወሰዳት?

የአርጊሪስን ሬሳ ከግቢው የውሃ ጉድጓድ ያወጡት ዓርብ ጠዋት ነው። መንደሩ ሁሉ ግቢው ድረስ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። እኛ የአክሮፔትራ መንደር ሰዎች ወሬ ሲሆን አንታማም፤ ያን ቀን ግን ሬሳውን የሚያይ ሰው አልነበረም። ሁሉም ዓይኑን የተከለው በሚስቱ በዲያማንቶ ላይ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ «ግባና እዚያው ጉድጓድህ ውስጥ ሙትልኝ!» ብላ ባሏ ላይ ስትጮህ ያልሰማ ጎረቤት የለም። ባሏም እዚያው ገብቶ ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? በካፌው በረንዳ ላይ ፍርዱ ከምሳ በፊት አልቋል።

አርጊሪስ ከባሕሩ ማዶ ካለችው ከፒሬየስ ወደብ የመጣ ሰው ነው። ዕድሜውን በመርከብ መካኒክነት ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ፣ ባሕር ከሚታይበት ከእኛ መንደር አንድ የዘመመ የድንጋይ ቤት በርካሽ ገዝቶ ማደስ ጀመረ። ቤቱን የሸጠለት የመንደራችን ልጅ ፓናጎስ ነው። ሁለቱ አንድ መርከብ ላይ አብረው የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው፤ የአርጊሪስን ልጅ ክርስትና ያነሳትም ፓናጎስ ስለሆነ አበልጆች ነበሩ።

ከወደብ ከተማዋ ከፒጋዲያ የመጣችው መርማሪ ኢንስፔክተር ዚኖቪያ ትባላለች። አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ኪሷ የዱባ ፍሬ የማይጠፋት ሴት ናት። እሷም የደሴታችን ልጅ ስለሆነች ማንም ሊሸውዳት አይሞክርም። ሐኪሙን ጥግ ወስዳ ጠየቀችው።

«በምን ሞተ?»

«ውሃ ውስጥ ነው የሞተው። ግን ከመውደቁ በፊት ጭንቅላቱን ከኋላ ተመቷል። ተንሸራቶም ሊሆን ይችላል።»

«ውሃ ሊቀዳ ያጎነበሰ ሰው ቢንሸራተት ግንባሩን ነው እንጂ ማጅራቱን ይመታል?» አለችና የጉድጓዱን ክዳን አስዘግታ ፖሊስ አቆመችበት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ዲያማንቶን ነው። ሴትየዋ አላለቀሰችም፤ ድንጋጤው እንባዋን አድርቆታል።

«በምን ተጣላችሁ እትዬ?»

«በቤቱ ነዋ! አንዱን ግድግዳ ስንጠግን ሌላው ይፈርሳል። ልጃችን ጋ እንመለስ አልኩት። እሱ ደግሞ ሰሞኑን ጠባዩ ተለዋውጦ ነበር። ‹ትንሽ ታገሺኝ፣ መጀመሪያ አንድ ሰው ማነጋገር አለብኝ› ይለኛል። ማንን ስለው ዝም። ተናደድኩና ያንን ክፉ ቃል ከአፌ አወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«እሱ ወደ ካፌ ወጣ፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሳጸዳ አመሸሁ። አዎ፣ ብቻዬን። ስመለስ አኩርፌ ስለነበር ታችኛው ክፍል ገብቼ ተኛሁ። እሱ ላይኛው ክፍል የተኛ መስሎኝ…»

«ከመውጣትዎ በፊት ጉድጓዱ ጋ ደርሰው ነበር?»

«ለእሜቴ ዳቦ ጣልኩላት። ብቅ ብላ በላች። እሷን ሳይ ነው ንዴቴ የበረደልኝ።»

እሜቴ እባብ የምትመስል ረጅም ዓሣ ናት። ድሮ በእኛ አገር ከጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በሚጠራቀምበት ጉድጓድ ውስጥ እንደዚህ ዓይነት ዓሣ ይጨመር ነበር፤ ትሉን እየበላች ውሃውን ታጠራለች። እሜቴን የጨመረቻት የፓናጎስ እናት ነበረች። አንድ ዓይኗ ነጭ ስለሆነ ልጅ አዋቂው ያውቃታል።

ቀጥሎ ግንበኛው ኒኪፎሮስ ተጠራ። የቀርጤስ ሰው ነው፤ ሲናገር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

«ከሟቹ ጋር ተናንቀህ ነበር አሉኝ።»

«ከእሱ ጋር ያልተናነቀ ግንበኛ ካለ አምጡልኝ! እኔ ሲሚንቶ ስል እሱ ኖራ፤ እኔ ቀጥ ያለ ግድግዳ ስል እሱ ‹እንደ ድሮው› ይላል። ደግሞ ማታ ማታ አብረን ነበር የምንበላው፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ኖራህን የምታቦካው በዚህ ጉድጓድ ውሃ ነው?»

«ምን በወጣኝ! ያ እባብ ያለበትን? እጄን አላስጠጋም። ከእማማ ስታማታ ግቢ ነው የምቀዳው። እሳቸው ይሳለቁብኛል፣ ይሳለቁ።»

እማማ ስታማታ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። ቁርጥማት ጣቶቻቸውን አጣሞባቸው የቡና ሲኒ እንኳን በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት። ምላሳቸው ግን ደህና ነው።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ? የማሪጎ? እናትሽ ቤቷን ላንቺ ሰጠችሽ አይደል? ታደለች! እኔ አራት ወንድ ወልጄ ቤቴን የምትረከበኝ ሴት ልጅ ሳላገኝ ላልፍ ነው።»

«እማማ፣ የአርጊሪስ ቤት ድሮ የማን ነበር?»

«የፓናጎስ እናት ነዋ። ምነው ሁላችሁም እሱን ትጠይቁኛላችሁ? አርጊሪስም በቀደም መጥቶ ይህንኑ ጠየቀኝ። ስነግረው ፊቱ ዓመድ መሰለ፤ ቡናውንም ጥሎ ሄደ።»

ኢንስፔክተሯ የዱባ ፍሬዋን ልጣጭ እፍ ብላ ተነሳች።

ፓናጎስ ቤቱ ነበር። እንዲህ የሚያለቅስ ወንድ አይቼ አላውቅም።

«ወንድሜ ነበር! አንድ ካቢን ውስጥ ስንት ዓመት! እኔ ከእሁድ ጀምሮ ጀልባዬን ላሠራ ፒጋዲያ ነበርኩ፤ ዛሬ ጠዋት መርዶውን ሰምቼ መጣሁ።»

«ከእሁድ ወዲህ እሱንም ቤቱንም አላዩም?»

«አላየሁም። ዓይኔ ይፍሰስ! ኢንስፔክተር፣ እባክሽ ዲያማንቶን አታስጨንቂያት። ብትገፋውስ ምን ታደርጊያታለሽ፣ በንዴት ነው። ቤቱን እኔው መልሼ ከእሷ እገዛለሁ፤ ወደ ልጇ ትሂድ።»

መንደሩ ይህን ሲሰማ እንባው መጣ። አበልጅ ማለት እንዲህ ነው ተባለ። እኔም ብያለሁ፤ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

በእኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ጉድጓድ ውሃው ተቀድቶ ያልቅና ውስጡ በኖራ ይታጠባል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተር አምጥተው ውሃውን መጠጡት። ሲያልቅ እማማ ስታማታ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ።

«እሜቴስ?» አሉ።

ሁሉም ተያየ። ከታች ጭቃና የአርጊሪስ መነጽር ብቻ ነበር፤ የድንጋይ ጎሬዋም ባዶ ነው። ኢንስፔክተር ዚኖቪያ ማላመጧን አቆመች፤ ከዚያ ስልኳን አውጥታ ብቻዋን ወደ ወይራው ዛፍ ሄደች።

ቅዳሜ ቀብሩ ሆነ። የዲያማንቶ ቤት በፖሊስ ስለታሸገ የለቀስተኛውን ምግብ ያዘጋጀው ፓናጎስ ነው፤ በራሱ ግቢ ውስጥ የዓሣ ሾርባና ኮኛክ ቀረበ። ዲያማንቶ ከአጠገቧ የሚቀመጥ ሰው አጥታ ብቻዋን ጥግ ይዛለች። ሰው ሾርባውን ሊጨርስ ሲል ኢንስፔክተሯ ተነሳች።

«አርጊሪስ ተገድሏል» አለች። «እዚህ ያለነው ሁሉ ገዳዩ እትዬ ዲያማንቶ ናት ብለናል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ሳልጠረጥር አልቀረሁም። አንድ ነገር ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እሜቴ ጉድጓዱ ውስጥ ነበረች። ዓርብ ጠዋት ክዳኑን አስዘግቼ ፖሊስ አቆምኩ። ውሃው ሲያልቅ የለችም። ስለዚህ በዚያች ምሽት አንድ ሰው አውጥቷታል።»

«ሌባ ነዋ» አለ አንዱ ከኋላ።

«ደጅ ላይ መዶሻና አዲስ መሰርሰሪያ ተቀምጦ አሮጌ ዓሣ የሚሰርቅ ሌባ? ያወጣት ሰው የሚያዝንላት ነው። ጉድጓዱ ሰው ከሞተበት በኋላ በኖራ እንደሚታጠብና እሷም እንደምትሞት ያውቃል። ያን ጊዜ ግን ገና ማንም አልሞተም! ውሃው ከተረበሸ እሜቴ ጎሬዋ ገብታ አትወጣም፤ በዳቦ እያባበለ፣ ባልዲ አውርዶ፣ ታግሶ ነው ያወጣት። አርጊሪስ ካፌ ሳለ። ከዚያ እስኪመለስ ጠበቀው።»

ኢንስፔክተሯ ለቀስተኞቹን ተራ በተራ አየች።

«ኒኪፎሮስ እባብ ነች ብሎ ይሸሻታል። እማማ ስታማታ ሲኒ ማንሳት ያቅታቸዋል፣ እንኳን የሞላ ባልዲ። እትዬ ዲያማንቶ ብትወስዳት የት ታስቀምጣታለች? የምትኖርበት ሌላ ጉድጓድ የላትም።» ከኪሷ ትንሽ መስታወት አወጣች። «አቶ ፓናጎስ፣ የእርስዎን ጉድጓድ ልየው?»

«ምን ታደርጊበታለሽ? ባዶ ነው… ውሃ ብቻ ነው።»

እሷ ግን ክዳኑን ገፍታ፣ እናቶቻችን የወደቀ ባልዲ ሲፈልጉ እንደሚያደርጉት የፀሐይዋን ብርሃን በመስታወቱ ወደ ውስጥ ላከችው። ዲያማንቶን እጇን ይዛ አስጠጋቻት። ከታች በብርሃኑ መሐል አንድ ጥቁር ረጅም ነገር ተጠማዘዘ፤ ነጩ ዓይን ብልጭ አለ።

«እሜቴ» አለች ዲያማንቶ በሹክሹክታ።

«እሱ ራሱ ነው የሰጠኝ!» ብሎ ጮኸ ፓናጎስ። «ጉድጓዱን ሊጠግነው ነበር፣ እሁድ ዕለት ሰጠኝ!»

«እሁድ የሰጠዎትን ሐሙስ እትዬ ዲያማንቶ ዳቦ አበላቻት? ከእሁድ ወዲህስ ቤቱን አላየሁም፣ ፒጋዲያ ነበርኩ ብለው በዓይንዎ ምለው አልነበር?»

ፓናጎስ ተቀመጠ። ወንበሩን ሳያይ ነው የተቀመጠው።

«ለምን?» አለች ዲያማንቶ። «አበልጄ፣ ምን አደረግንህ?»

የመለሰችላት ኢንስፔክተሯ ናት። «በደሴታችን የእናት ቤት ለሴት ልጅ ነው። እናንተ የፒሬየስ ሰዎች ይህን አታውቁም። እኛ የምናውቀው ደግሞ የፓናጎስ እህት ተስማምታለች ብለን ዝም አልን። ትናንት ሜልቦርን የምትኖረውን እህቱን ክሪሳንቲን ደውዬ አነጋገርኳት። ቤቷ መሸጡን ከእኔ ነው የሰማችው። የሽያጩ ውል ላይ ያለው ፊርማዋ የውሸት ነው። አርጊሪስ ነገሩን ሲደርስበት ወደ እሷም ወደ ፖሊስም አልሄደም። መጀመሪያ ሊያነጋግር የፈለገው ሰው ጓደኛውን ነበር።»

«‹ራስህ ንገራት፣ እኔ አብሬህ እሆናለሁ› አለኝ» አለ ፓናጎስ መሬት መሬት እያየ። «እሱ ምን ቸገረው! ያን ጣሪያ በየክረምቱ የደፈንኩት እኔ ነኝ። እናቴን ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ክሪሳንቲ ከሠርጓ በኋላ አንድ ቀን አልመጣችም። ሴት ስላልሆንኩ ብቻ ቤቱ የእሷ ሆነ! ሽጬ ልውጣ አልኩ። ከዚያ ደግሞ እስር ቤት ሊያስገባኝ…»

«እሱ ሲሞት ደግሞ መበለቲቱ ቤቱን ጠልታ ትመልስልዎታለች፣ ክሪሳንቲም ምንም ሳትሰማ ትቀራለች» አለች ኢንስፔክተሯ። ወደ ዲያማንቶ ዞር ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ እትዬ። ቤቱ በሕግ የእርስዎ አይደለም።»

«ትውሰደው» አለች ዲያማንቶ። «የአርጊሪስ ነፍስ የሌለበትን ድንጋይ ምን አደርገዋለሁ?»

እጁን አስረው ሲያስነሱት ፓናጎስ ጉድጓዱ አጠገብ ቆም አለ።

«እሜቴን እዚሁ ተዉአት» አለ። «ኖራው ሳይደርቅ እንዳትመልሷት። ዳቦም አታብዙባት።»

ዲያማንቶ ከጥጓ ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ከዓርብ ጀምሮ ደርቆ የነበረው እንባዋ አሁን ይወርዳል።

«ሲወድቅ በሕይወት ነበረ ብሏል ሐኪሙ። ውሃ ውስጥ ነው የሞተው። አንተ ከላይ ቆመህ ሰምተኸዋል» አለች። «ለእሷ ባልዲ አወረድክላት። የልጄ ክርስትና አባት፣ ለእሱ ገመድ አጣህለት?»

ፓናጎስ ፊቱን ወደ ጉድጓዱ አዞረ። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። እኛም ፍርዳችንን በካፌው በረንዳ ላይ የጨረስነው ሁሉ አንድ በአንድ ኮፍያችንን እያነሳን፣ ዲያማንቶን ቀና ብለን ለማየት እያፈርን ግቢውን ለቀን ወጣን።