ክንድ አስቀድሞ የሚያውቀው ክብደት

ድንጋይ ጠራቢው በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ተደፍቶ፣ ማጅራቱ ተሰብሮ ተገኘ። መርማሪዋ ስትደርስ ሚስቱ ካቴና ገብቶላት፣ ጆንያ ተሸካሚው የሟች ወንድም አጠገቧ ቆሞ ይሰድባት ነበር።

«አንቺ እባብ፣ ወንድሜ የሞተውማ ቤታችን የገባሽ ቀን ነው።»

«እግዚአብሔር ያያል» አለች ሚስትየዋ። የሟች የሥራ ሸሪክ ብቻ በለሰለሰ ድምፅ ሊያበርደው ሞከረ።

ሦስቱም ከትናንት በስቲያ ወዲህ እዚህ ክፍል እንዳልገቡ ማሉ። ጎረቤቱ ብረት ቀጥቃጭ ግን ሟቹ ትናንት ከሰዓት ቀልጦ የሚፈስ የብረት እርሳስ ከእሱ ወስዶ እንደነበር ለመርማሪዋ ነገራት። ትከሻው ታሞ ኖሮ፣ ማንሳቱ ሳይሆን አጥብቆ መምታቱ ነው የሚያመኝ፣ እንግዲህ መዶሻው ሲወርድ ክብደቱ ይምታልኝ ብሎት ነበር።

የእንጨት መዶሻው መስቀያው ላይ ነው። ታጥቧል፤ ስንጥቁ ገና እርጥብ ነው። መርማሪዋ ስታወርደው እጇ ቁልቁል አመለጣት። ሆዱ ተቦርቡሮ እርሳስ ቀልጦ ተሞልቶበታል። መልሳ ሰቀለችውና ሦስቱን አንድ በአንድ እየጠራች መዶሻውን እንዲያቀብሏት ለመነቻቸው። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ዓይን እንጨት ሲያይ አንጎል ለእንጨት የሚበቃ ጉልበት ብቻ ለክንድ ያዛል። መሳሳቱን የሚያውቀው ክብደቱ ወደ መሬት ሲጎትተው ነው። እኔ ተሳሳትኩ። እሷ ከጉልበቷ ጋር አጋጨችው። ወንድምየውም እግሩ ላይ ጥሎት ይኸው ያነክሳል።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «የእርስዎ ክንድ ግን መዶሻው ከመስቀያው ሳይለቅ ተዘጋጅቶ ጠበቀው።»

«ጠራቢ ነኝ እኮ፤ መዶሻውን ለምጄዋለሁ።»

«የለመዱት ቀላሉን ነው። ልማድማ ከሁላችንም ይልቅ እርስዎን ነበር የሚያሳስተው። ትናንት የገባውን እርሳስ ክንድዎ ከየት አወቀው?»

ሸሪኩ እጁን እንደ ከሃዲ ጓደኛ ቆጥሮ አየው።

«ስሜን ከበሩ ላይ ሊፍቅ ነበር» አለ። «በገዛ እጄ የቀረጽኩትን።»

ካቴናው ከሴትየዋ እጅ ወደ እሱ ዞረ። ወንድምየው ጫማውን እያየ ወደ ሴትየዋ ተጠጋ።

«ቢሆንም አልወድሽም።»

«አውቃለሁ። በል፣ አንተ በራስጌው በኩል ያዝ።»

ጎንበስ ብለው አስከሬኑ የተኛበትን ቃሬዛ ያዙ። የሟቹን ክብደት ሁለቱም የሚያውቁት መስሏቸው ነበር፤ ሲያነሱት አራቱም ክንዶቻቸው እኩል ዝቅ አሉ።