በእናቷ ድምፅ

«አቤት፣ ማን ልበል?» አለች ኮፒ የእናቷን ስልክ አንስታ።

«ሲስተር ነኝ፣ ከካንሰር ክፍል። እርስዎ ነዎት?»

ኮፒ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችላት እናቷ ናት። የሁለቱ ድምፅ ቁርጥ አንድ ነው፤ ስልክ ላይማ አያቷ እንኳ ይሳሳታሉ። በዚህ ድምፅ ስንቱን ሸውዳለች! አሁንም ምላሷ ቀደማትና «አዎ፣ ነኝ» አለች።

«የደም ምርመራዎ ውጤት ደርሷል። ካንሰሩ የሚወስዱትን መድኃኒት እየተላመደው ነው። አይደንግጡ፤ ስካኑ ላይ ገና አዲስ ነገር የለም፣ ደሙ ነው ቀድሞ የነገረን። ለዚህ የሚሆን ሌላ ክኒን አለ። ነገ ጠዋት ይምጡ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኮፒ በመስኮት ወደ ግቢው አየች።

እናቷ የመኪና አሰልጣኝ ናት። ጡቷ ላይ የጀመረው ካንሰር ወደ አጥንቷ ከተዛመተ ወዲህ ሥራ አቁማ ነበር። ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሰልጣኟን ይዛ ልትወጣ ነው። ይኸው ግቢ ውስጥ እያንጎራጎረች አሮጌዋን መኪና ታጥባለች።

«ማነው የደወለው?»

«የተሳሳተ ቁጥር!»

ውሸቱ አፏን መረራት። ግን ነገ ማታ ብትነግራትስ? እናቷን አንድ ቀን ደስ ቢላት ምን አለበት? ይህን እያሰላሰለች ስልኩን እንደያዘች ወደ ግቢው ወጣች።

እናቷ ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ተቀምጣ የአሰልጣኝ ፍሬኗን ደጋግማ ትረግጣለች።

«ስሚ ኮፒ፣ ሥራዬ ማለት ይቺ ፔዳል ናት። ሰልጣኙ ሳያይ እኔ ማየት አለብኝ። ከተጋጨን በኋላማ ማንም ይረግጣታል!» ብላ ሳቀች።

ኮፒ መሳቅ አቃታት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እማ... የተሳሳተ ቁጥር አልነበረም። ሲስተር ናት። አንቺ ስመስላት ጊዜ አዎ አልኳት።» ቀሪውንም ምንም ሳታስቀር ነገረቻት።

እናቷ ፔዳሏን ለቀቀች። በእጇ የያዘችው እርጥብ ጨርቅ ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሌላ ክኒን አለ አለች?»

«አለ። በጊዜ ነው የደረሱበት።»

«እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ስም እንዳትሰሚ፣ እሺ? አሳዘንሽኝ እኮ፣ ብቻሽን ሰምተሽ...» አቅፋ ወደ ራሷ ሳበቻት። ከዚያ ጨርቁን አስቀመጠች። «በይ፣ ሰልጣኙን ወደ ከሰዓት አዛውረዋለሁ። ፍሬኑ እንደሆነ ይሠራል።»

ስልኩን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ኮፒ ግን አልሰጠቻትም፤ ራሷ መልሳ ደወለች።

«ሲስተር፣ ቅድም ያነጋገሩት እናቴን አይደለም፣ እኔን ልጇን ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴ ይኸው፣ አጠገቤ ናት።»