የኢሽቤል ጠማማ ምት

ኢሽቤል ሬኒ ከስትሩዋን ጋር የተዋወቀችው በስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የራሷ ነው። በባሕር ጠረፍ ባለችው ትንሽ ከተማ በፒትካርሊ የጎልፍ ሜዳውንና የጀልባ ማቆሚያውን የሚለያቸው አንድ አጭር የድንጋይ አጥር ብቻ ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ የኳሱን ጉድጓድ ወደሚያመለክተው ባንዲራ የላከቻት ኳስ በአየር ላይ ሐሳቧን ቀይራ ወደ ቀኝ ታጠፈችና አጥሩን ዘልላ፣ እየተጠገነ ያለ የጀልባ ሞተር ውስጥ ገባች።

«ኳሷ የማን ናት?» አለ እጁን እስከ ክርኑ ግራሶ የለበሰ ረጅም ሰው፣ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብሎ።

«የኔ ናት። ይቅርታ!»

«ወዴት ነበር የላክሻት?»

ኢሽቤል በአፍረት ባንዲራውን አሳየችው። ሰውዬው ባንዲራውን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። እሷ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆየ።

«ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ላስተምርሽ እችላለሁ» አለ። «ለራሴ ደኅንነት ብዬ ነው።»

በዚሁ ተጀመረ። እሷ በአክስቷ ሱቅ የተጨሰ ዓሣ ትሸጣለች፤ ሠላሳ ዓመቷ ነው። እሱ ከእሷ በአራት ዓመት ይበልጣል፤ ሞተር ሲያናግር እንጂ ሰው ሲያናግር ብዙም አይታይም። የክለቡ አባላት ግን የማካካሻ መዝገቡን ያስያዙት እሱን ነው። በጎልፍ የሚያሸንፈው በጥቂት ምት የጨረሰ ነው፤ ማካካሻ ማለት ደካማው ከጎበዙ ጋር እኩል እንዲወዳደር ከምቱ ላይ የሚቀነስለት ቁጥር ነው፤ ደካማ ብዙ ይቀነስለታል፣ ጎበዝ ጥቂት። በዚያ ከተማ ሰው ስለ ዕድሜው ቢዋሽ ይታለፋል፤ ስላጠመደው ዓሣ ቢዋሽ እንዲያውም ይጨበጨብለታል። ምቱ በሚመዘገብበት የጎልፍ ካርዱ ከዋሸ ግን አለቀለት። ስትሩዋን ዋሸ ሲባል ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«ክርንሽ እየበረረ ነው» አላት በመጀመሪያው ሐሙስ። ንጹሕ መሐረብ አውጥቶ ቀኝ ብብቷ ሥር እንድትይዘው ሰጣት። «ስትመቺ ከወደቀ፣ ክርንሽ ከጎንሽ ርቋል ማለት ነው።»

የብርዱን ወራት ሙሉ መሐረቡ ሲወድቅ ከረመ። ስትሩዋንም ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል፣ አሸዋውን ያራግፍና ይመልስላታል። ሲመልስላት ጣቶቻቸው ይነካካሉ። ከዚያ ሁለቱም እዚያ ምን የሚታይ እንዳለ እንጃ፣ ባሕሩን ያያሉ።

ግንቦት ላይ አንድ ማለዳ ኢሽቤል ሱቁን ሳትከፍት ብቻዋን ወደ ሜዳው ወጣች። መታች። መሐረቡ ብብቷ ሥር እንዳለ ነው። ኳሷ በቀጥታ ሄዳ ባንዲራው አጠገብ አረፈች። ደግማ መታች፣ ያቺም ቀጥ አለች። ሰባተኛው ላይ በደስታ ጮኸች። ስምንተኛውን ልትመታ ዱላዋን እንዳነሣች ግን አንድ ሐሳብ መጣባትና መልሳ አወረደችው። የተማረ ሰው አስተማሪ ምን ያደርግለታል? ስትሩዋንስ ከዚህ በኋላ በምን ሰበብ ይመጣል?

ሐሙስ ሲደርስ ክርኗን ለቀቀችው። መሐረቡ ወደቀ፣ ኳሷም እሾሃማው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች።

«አይዞሽ» አላት ስትሩዋን።

ያንን «አይዞሽ» በምንም አትለውጠውም ነበር። ነገሩ ግን በሐሙስ አላበቃም። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይጫወታሉ፤ ምቷን ቆጥሮ ካርዷ ላይ የሚፈርመው እሱ ነው። እሷም ታጣምማለች፤ ማካካሻዋም ሠላሳ አራት ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ኃጢአት መሆኑን ታውቃለች። ፍቅር ይዟት እንጂ ክፉ ሰው ሆና አይደለም።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሐሙስ ስትሩዋን አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«ኢሽቤል፣ ማስተማሩ አልሆነልኝም። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ምት ላቃናልሽ አልቻልኩም። ለአንድ የጎልፍ ባለሙያ ነግሬልሻለሁ፤ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ እሱ ጋ ትሄጃለሽ።»

«አንተስ?»

«እኔማ… ሞተሬ አለልኝ።»

እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «እሺ» ብቻ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ቀኑን ሙሉ በራሷ ተናደደች። ማታ ደግሞ በእሱ ተናደደች። እንዴት «እሺ» ስትለው ዝም ይላል? ቅዳሜ የሴቶች የበጋ ዋንጫ ውድድር ነበር፤ የሰባ ዓመት አዛውንት ከሆኑት ከወይዘሮ ጌደስ ጋር ተመደበች። ንዴቱ ማስመሰሉን አስረሳት። የመታችው ሁሉ ቀጥ፣ ቀጥ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ቁርስ ምን በላሽ?» አሉ ወይዘሮ ጌደስ።

ማካካሻው ሲቀነስ፣ ኢሽቤል ሁለተኛ የወጡትን ወይዘሮ ጌደስን በአሥራ አንድ ምት በለጠች። በክለቡ ቤት ግን አንድም ሰው አላጨበጨበም። ሾርባ ሲጠጡ የነበሩት ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ሠላሳ አራት ማካካሻ ይዞ እንዲህ ለሚመታ ሰው ስም አለን» አሉ የክለቡ ሊቀ መንበር ሽማግሌው ታሎክ። «ወንበዴ እንለዋለን።»

ስትሩዋን ካርዱን ተቀብሎ አነበበ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከእኔ ጋር ስትጫወቺ የነበረውስ?» አለ በቀስታ። «እውነት ነው ብዬ በየሳምንቱ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለዋንጫ ብለሽ ነው?»

ወንበዴ መባሉን ትችለው ነበር። በእሱ እጅ ውሸት ማስፈረሟን ግን አልቻለችውም። በሩ ቅርብ ነው። ከወጣች ስትሩዋን ዳግመኛ ዓይኗን አያይም። ከተናገረች ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ከተማው ሁሉ ዓሣ እየገዛ ይስቅባታል።

«ዋንጫውን ለወይዘሮ ጌደስ ስጧቸው» አለች። «ከግንቦት ጀምሮ ቀጥ አድርጌ መምታት እችላለሁ። ሆን ብዬ ነው የማጣምመው።»

«ለምን ብለሽ?» አሉ ታሎክ።

«ምቴ ከተቃና ሐሙስ ይቀራላ!» ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ጮኸ። «ሐሙስን ስለምወድ… አይ፣ ሐሙስን አይደለም። እሱን ነው የምወደው። በቃ፣ አልኩት!»

መጀመሪያ የተናገሩት ወይዘሮ ጌደስ ናቸው።

«ምን ያፈጥጣችኋል? እኔ ባሌን ዋና አልችልም ብዬው ሁለት በጋ ደግፎ አስተምሮኛል። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ እኮ!»

ሳቅ ፈነዳ። ስትሩዋን ግን አልሳቀም። እርሳሱን አወጣ፣ የማካካሻ መዝገቡ ላይ ሠላሳ አራትን ሰረዘና አሥራ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ።

«ውጤቱ ተሰርዟል» አለ። «ዋንጫው የወይዘሮ ጌደስ ነው። ኢሽቤል ሬኒ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከማንኛውም ውድድር ታግዳለች።» መዝገቡን ዘግቶ ወጣ።

«ምን ይገትርሻል?» አሏት ወይዘሮ ጌደስ። «ዱላሽን ያዢና ተከተይው!»

ሜዳው ላይ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ቆሞ አገኘችው።

«ተናደሃል?»

«በጣም። ስለ ክርንሽ እያሰብኩ ስንት ሌሊት አድሬያለሁ መሰለሽ?» አንገቱን ደፋ። «ደግሞ ለሌላ ሰው የሰጠሁሽ ማስተማር ስላቃተኝ ብቻ አይደለም። እጅሽን ላለመያዝ መታገሉ ደክሞኝ ነው። የምታስተምራትን ልጅ እንዲህ ማሰብ ነውር መሰለኝ።»

ቀና ብሎ አያት።

«ከተማው ሁሉ ያየውን ቀጥ ያለ ምትሽን እኔ ብቻ አላየሁትም። አንዴ ምቺልኝ።»

ኳሷን አስተካክላ አስቀመጠች። በእሱ ፊት የእውነቷን ስትመታ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው። መታች። ኳሷ ከፍ አለች፣ አየር ላይ አመነታች፣ ወደ ቀኝ ታጠፈችና እሾሁ ውስጥ ጠፋች።

«ይሄ የእውነት ነው!» ብላ ጮኸች። «እምልልሃለሁ ስትሩዋን፣ ሆን ብዬ አይደለም!»

ስትሩዋን ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም፤ እንባውን በእጁ ጀርባ እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ።

«አምኜሻለሁ» አለ በመጨረሻ፣ እጇን እየያዘ።

«ቆይ ልቀቀኝ፣ ሌላ ልምታልህ።»

«ምን አስቸኮለሽ?» አላት፣ እጇን ሳይለቅ። «ካገባሽኝ ዕድሜ ልካችንን ትመቺልኛለሽ።»

«እሺ» አለች ኢሽቤል፣ ዱላውን ሣሩ ላይ እየጣለች።